ስኳር የሚልሱ ትንኞች

ትንኝን ስኳር እያላሰ ቀልቦ፣ አራስ ወዳለችበት ቤት ይዞ የሚመጣ ሰው ምን አስቦ ነው?

ወይዘሮ ሥራነሽ ይህን ጥያቄ ከምንጩ እስከ አፋፉ ድረስ እያገላበጡ መጥተው መልስ አላገኙለትም። እንስራቸውን ሳይሞሉ ለጎረቤታቸው ለዘሪቱ ትተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ዳገቱን ተያይዘውታል። ቢሮጡ ጉልበታቸው ይቆጣል፤ ባይሮጡ ልባቸው አያርፍም። ስለዚህ እግራቸው ሩጫም እርምጃም ያልሆነ፣ ጫጩቶቿ የጠፉባት ዶሮ የምትሄደውን ዓይነት አካሄድ ይዟል።

ወሬውን ያመጣችው ዘሪቱ ነበረች። ውኃ ሊቀዱ ጎንበስ እንዳሉ ከኋላቸው ደርሳ፣

«እሜቴ ሥራነሽ፣ እርስዎ እዚህ ውኃ ይቀዳሉ፤ እዚያ አንድ መነጽራም ሰውዬ በየቤቱ ትንኝ ይዞ እየዞረ ነው» አለቻቸው።

«የሞተ ትንኝ?»

«ኧረ በሕይወቱ! በኩባያ አድርጎ፣ አፉን በሻሽ ወጥሮ። ከሻሹ ላይ ደግሞ ስኳር የጠጣ ጥጥ አስቀምጦላቸዋል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ‹እንዳይርባቸው ነው› አይለኝ መሰለዎ! የኔ ልጆች እንኳ ከፋሲካ ወዲህ ስኳር አልላሱም።»

«አሁን ወዴት አለ?»

«ወደናንተ ቤት ሲያቀና ነው ትቼው የመጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ዘሪቱ ያለችውን አልሰሙም።

ዘመኑ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መስከረም ነበር። ሾላ አፋፍ ከደጀን ዝቅ ብላ፣ የዓባይ ገደል አፍ ላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት። አዛውንቶቿ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት አንድ ነገር ነበር፤ ንዳድ የቆላ ነው፣ ዳገት አይወጣም። በረሃ ወርዶ ማሽላ የሚያርስ ሰው ንዳድ ቢይዘው እንኳ፣ ደጋ ሲወጣ ብርዱ ያስጥለዋል ይባል ነበር። ያን ዓመት ግን ንዳዱ እንደ ገበያተኛ እያረፈ ዳገቱን ወጣ። በሰኔ ከገደሉ ሥር ያሉት ጎጦች ተኙ። በሐምሌ ከወገቡ ላይ ያሉት ተከተሉ። ነሐሴ ሲጋመስ አፋፉ ላይ ቄሱ ፍታት ከፍታት እየተደራረበባቸው፣ የቀብር ጉድጓድ የሚቆፍር ጤነኛ ጎልማሳ ከሌላ ጎጥ ይጠራ ጀመር። በነሐሴ ማለቂያ ነው የመድኃኒት ረጪዎች የመጡት። የብረት ፓምፕ በትከሻቸው አንግበው፣ ነጭ ዱቄት በአህያ ጭነው፣ የየቤቱን ግድግዳ ከውስጥ ረጩ፤ በየመቃኑም የረጩበትን ቀን በቀይ ቀለም ጽፈው ሄዱ።

ያን ጊዜ የወይዘሮ ሥራነሽ ልጅ እስከዳር ሆዷ ገፍቶ ነበር። እንቁጣጣሽ በዋለ በማግስቱ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ናትና ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ ስም የላትም፣ እስከዚያ ፀሐይም አያያት። የእስከዳር ባል አበረ በረሃ ወርዶ ማሽላ ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ የልጁን መወለድ ሰምቶ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ወይዘሮ ሥራነሽ ደጃፍ ላይ ቆመው ዓይኑን አዩ፤ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «ወንድምህ ቤት ተኛ፤ ሲሻልህ ትገባለህ» አሉት። አበረም አማቱን የሚፈራ ሰው ነውና ከአጥሩ በታች ወዳለው የወንድሙ ጎጆ ወረደ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ኪኒን እየዋጠ እዚያው ተኝቷል።

እንግዲህ ሰው አባትን ከልጁ በር መልሶ፣ ትንኝን በስኳር አጅቦ ሊያስገባ ነው?

ከአጥሩ ሲደርሱ ሁለት ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመው አዩ። አንዱን ያውቁታል፤ አሥር አለቃ መሳፍንት ነው። የድሮው ጦር ሲበተን ከመለዮው ጋር ወደ አገሩ የተመለሰ፣ አሁን የረጪዎቹ ቡድን መሪ የሆነ ሰው። ማዕረጉ ከተገፈፈ ዓመታት ቢያልፉም አገሩ አልገፈፈውም። ሌላው ቀጭን ነው፤ መነጽር አድርጓል፤ በደረቱ ላይ አንድ ሳጥን እንደ ታቦት አቅፏል።

«ቁሙ!» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ትንፋሻቸው ሳይመለስ።

«ቆመናል እሜቴ» አለ አሥር አለቃ። «ከቆምንም ቆየን። ልጅዎ ከውስጥ ሆና ‹እናቴ ሳትመጣ መድረኩን የረገጠ ወየውለት› ብላናለች።»

«ደግ አድርጋለች። እና ይህ ያቀፈው ምንድን ነው?»

ቀጭኑ ሰው እጅ ነሣ። «ውበቱ እባላለሁ፣ እናቴ። ከደብረ ማርቆስ ከወባ መሥሪያ ቤት ነኝ። የያዝኩት ትንኝ ነው።»

አልዋሸም። ይህ ራሱ ወይዘሮ ሥራነሽን አናደዳቸው፤ የተዘጋጁት ሊዋሽ ለሚሞክር ሰው ነበር።

«እስቲ አሳየኝ» አሉ።

ሳጥኑን ከፍቶ አንድ ኩባያ አወጣ። ሻሹ፣ ጥጡ፣ ስኳሩ ዘሪቱ እንዳለችው ነው። ወይዘሮ ሥራነሽ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጠጉ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ የጀመሩ፣ በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል የገፉ ሰው ናቸው። ያነበቡትን ሁሉ አያምኑም፤ ያዩትን ሁሉ ግን ይጠይቃሉ። ትንኞቹ የኩባያውን ግድግዳ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጀርባቸውን ሽቅብ ሰቅለዋል።

«ለምን እንዲህ ይቀመጣሉ?»

«ወባ የምታጋባዋ ትንኝ አቀማመጧ ይኼ ነው። ሌላዋ ጀርባዋን አስተካክላ ትቀመጣለች።»

«እንደምትሰግድ ሴት ናት’ኮ!» አሉና ወዲያው ደነገጡ። «ይቅር ይበለኝ። እነዚህስ ንዳዱ አለባቸው?»

«የለባቸውም። እኛው ዘንድ ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው። የታመመ ሰው ነክሰው አያውቁም።»

«ትንኝ ከነንዳዷ አትወለድም?»

«አትወለድም። ከታመመ ሰው ቀድታ ነው ለጤነኛው የምታጠጣው።»

ወይዘሮ ሥራነሽ እስከዚያ ቀን ድረስ ንዳድ ከገደሉ በሚወጣ ጉም የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ዓይናቸው ሳያስቡት ከአጥሩ በታች ወዳለው ጎጆ ሄደ። አበረ የተኛበት ቤት ጭስ ይታያል። ከዚያ እስከዚህ ሰው ቢጣራ ይሰማል። ትንኝ ይህን መንገድ በስንት ክንፍ ትጨርሰዋለች? አማቻቸውን ከበር ሲመልሱ ሕመሙን የመለሱ መስሏቸው ነበር። ለካ ሕመሙ ክንፍ ያላት መልእክተኛ አለችው።

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ፈለጋችሁ?»

«ግድግዳዎን ልንፈትን ነው» አለ ውበቱ። «በነሐሴ ተረጭቷል። መድኃኒቱ አሁንም ኃይሉ ካለ፣ እነዚህን እላዩ ላይ ባሳርፋቸው ጥቂት ቆይተው ይወድቃሉ። ካልወደቁ መድኃኒቱ የለም ማለት ነው። ያው ልጅዎና የልጅ ልጅዎም ባዶ ቤት ነው የሚተኙት።»

ይህን ሲሰሙ ወይዘሮ ሥራነሽ ከበሩ ዘወር አሉ። ግን እንዲያው አልለቀቁም። «ያስገባሃትን ትንኝ ሁሉ አንድ በአንድ ታስወጣለህ። እኔ ከጎንህ ቆሜ ነው የማያት። አንዲት ብትጎድል ከዚህ ቤት አትወጣም፣ ሰምተሃል?»

«እሷ ከምትጎድል እኔ ብጎድል ይሻላል።»

«እሱም አይቀርልህም።»

ቤቱ ውስጥ ጨለምለም ብሏል። በስተቀኝ መጋረጃ ተወጥሮ አራሷ ከበስተጀርባው ተኝታለች፤ በራስጌዋ ካራ አለ። በስተግራ ቁመቱ ሰው የሚያህል ጎታ ከግድግዳው ጥቂት ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ግድግዳው ልስልስ ያለ፣ ቡናማ፣ ንጹሕ ነው። ውበቱ ከሳጥኑ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ ያለ፣ ውስጡ የሚያሳይ ላስቲክ አውጥቶ አፉን ወደ ግድግዳው አድርጎ አጣበቀው። ከዚያ ረጅም የመስታወት ቱቦ አወጣና አንዱን ጫፍ በአፉ ጎረሰ፤ ሌላውን ጫፍ ወደ ኩባያው ሰዶ ሳበ። ትንኞቹ አንድ በአንድ እየተሳቡ ወደ ቱቦው ገቡ።

ወይዘሮ ሥራነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «በአፍህ! ብትውጣትስ?»

ውበቱ ቱቦውን ከአፉ ሳያወጣ በጣቱ አሳያቸው፤ መካከሉ ላይ ቀጭን መረብ አለ። ትንኞቹን ወደ ላስቲኩ እፍ ብሎ ካስገባ በኋላ፣ «መረቡ ይይዛታል» አላቸው።

«ውጠህ ታውቃለህ?»

«አንዴ። መረቡ ተቀዶ።»

«ምን ምን ትላለች?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። እስከዳር ናት። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። «እማ፣ እባክሽ ሰውየውን ሥራውን አስሠሪው!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ። እኔ የጠየቅኩት ለማወቅ ነው።»

ጠበቁ። አሥር አለቃ መሳፍንት በርጩማ ላይ ተቀምጦ መለዮውን በጉልበቱ ላይ አድርጓል። ውበቱ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ ላስቲኩን ያያል። ወይዘሮ ሥራነሽ ግን ሰዓት አያስፈልጋቸውም፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ትንኞቹን ያያሉ። አንዷ ወደ ላይ ሄደች። ሌላዋ እግሯን አነሣች፣ አወረደች። አንዷም አልወደቀችም። በአባቷ ርስት ላይ እንደምትንሸራሸር ባላባት ግድግዳውን ይመላለሱበታል።

«አይወድቁም’ኮ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ በመጨረሻ።

ውበቱ ላስቲኩን ነቅሎ ከበሩ አጠገብ ሌላ ቦታ አጣበቀ፤ ሌሎች ትንኞች አስገባ። እነዚያም አልወደቁም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፤ ወደ አሥር አለቃም ሳያይ፣

«አሥር አለቃ፣ ዱቄቱን የበጠበጣችሁት እንደታዘዘው ነው?» አለ።

«እንደታዘዘው ነው።»

«የተሸጠ ዱቄት የለም?»

አሥር አለቃ መሳፍንት ከበርጩማው ተነሣ። «ይበሉት፣ ይበሉት! ወዲህ ወዲያ አይበሉ። ‹መሳፍንት የሰው ነፍስ ለነቀዝ ማጥፊያ ቸረቸረ› ይበሉኝ!»

«እኔ ጠየቅኩ እንጂ...»

«ይህን ቤት የረጨሁት በዚህ እጄ ነው! ከሰው ሁሉ አስበልጬ ነው የረጨሁት፤ እርጉዝ ስላየሁ!»

«ታዲያ ምነው ትንኞቹ ሠርግ ላይ ያሉ መሰሉ?» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ሥራነሽ። ሕፃኗ እዚህ ቤት ከተወለደች ጀምሮ የተኛችበት እያንዳንዱ ሌሊት ዓይናቸው ላይ ተደቀነ። «ኖራ ነው የቀባኸኝ፣ አንተ! ኖራ ሻጭ! ለእኔ ባታዝን ለዚያች ስም ላልወጣላት አታዝንም?»

አሥር አለቃ መለዮውን በእጁ ጨመቀው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኗ አለቀሰች፤ እስከዳር እሽሩሩ ስትል ተሰማ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ስድባቸውን ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ቁጣ ሲይዛቸውም የማይተዋቸው አመል ነው፤ ነገሩ ካልገጠመላቸው ዝም ብለው አያልፉትም።

«ቆይ እስቲ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኖራ ቁንጫ ይገድላል?»

«አይገድልም» አለ ውበቱ።

«እኔ በተረጨ ማግስት ከዚህ ወለል ቁንጫና ዝንብ በአካፋ ጠርጌያለሁ። ዶሮዎቹ እንዳይለቅሙት ብዬ ቀብሬዋለሁ። ኖራ ከሆነ ያ ሁሉ በምን ሞተ?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ።

«ያን ጊዜ መድኃኒት ነበር ማለት ነው» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ለራሳቸው ይመስል። «ነበር። ታዲያ ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ወዴት ይሄዳል? ዝናብ አይነካው፣ ነፋስ አይወስደው...» ዙሪያውን ተመለከቱ። «እዚያ ከጎታው ጀርባ ሞክር። ጨለማ ነው፤ ትንኝ ብሆን እኔ የምደበቀው እዚያ ነበር።»

ውበቱ በጎኑ ሾልኮ ከጎታው ጀርባ ገባ። ላስቲኩን አጣበቀ፣ ቱቦውን ጎረሰ፣ እፍ አለ። በዚያ ጠባብ ቦታ እንደ ተቀረቀረ ቆመ፤ ወይዘሮ ሥራነሽም ጉንጫቸውን ከጎታው ጋር አጣብቀው፣ ከሳጥኑ ያወጣውን የእጅ ባትሪ ያዙለት።

ትንኞቹ መጀመሪያ ተራመዱ። ከዚያ አንዷ እግሯን እንደ ሰከረ ሰው ታንከራትት ጀመር። ዞረች። በጀርባዋ ወደቀች። ወዲያው ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ ወደቁ። ጥቂት ቆይቶ ላስቲኩ ሥር የሚንቀጠቀጥ እግር ብቻ ሆነ።

«ወደቁ!» ብለው አጨበጨቡ ወይዘሮ ሥራነሽ። «እስከዳር፣ ወደቁ’ኮ! በሉ ይህን ንገሩኝ፤ ያው አንድ ቤት፣ ያው አንድ ግድግዳ፣ እዚያ ጋ ይደንሳሉ እዚህ ጋ ይሞታሉ። ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው?»

ውበቱ ባትሪውን ተቀብሎ ግድግዳውን አበራበት። ከጎታው ጀርባ ያለው ግድግዳ አመድማ ነው፤ ወደ ታች የወረደ ነጭ መስመር ይታይበታል። ከጎታው ወዲህ ያለው ግን ልስልስ ያለ ቡናማ ነው።

«እናቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይህን ቤት የለቀለቀው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይለቀልቅልኛል?» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ኮራ ብለው። «ከጎታው ጀርባ እጄ አልደረሰልኝም እንጂ ሌላውን እንደ መስታወት ነው ያደረግኩት። አሥር አለቃ ከሄደ በኋላ ነው። ግድግዳውን የነካ እጅ ነጭ ይሆናል፤ ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። ልጄ መውለጃዋ ደርሷል። ሕፃን ይህን ቢተነፍስስ አልኩ። ጎታ በእበት ሲመረግ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጠላም ኃይሉ የሚቆየው ጋኑ ሲታሸግ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እዚያው ታፍኖ ይሥራ፣ ለሕፃኗ እንዳይበንባት ብዬ፣ ጭቃና እበት ከጭድ ጋር አቡክቼ...»

ድምፃቸው ራሱ መንገድ ላይ ቀረ። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ቡናማው ተላጠ፤ ከሥሩ ነጭ ወጣ።

«ለትንኟ ምንጣፍ አነጠፍኩላት» አሉ።

አሥር አለቃ ቀርቦ የተላጠውን ቦታ አየው።

«ጠላ ሲታሸግ ኃይሉ ይቆያል» አለ ውበቱ ለስለስ ብሎ። «ይህ ግን በእግር የሚገባ መድኃኒት ነው። ትንኟ ሰው ነክሳ ትጠግብና ልታርፍ ግድግዳ ላይ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ እግሯ ዱቄቱን ካልነካ አትሞትም። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሰው ትነክሳለች።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ አሥር አለቃ ዞሩ። እስከዚያ «አንተ» ሲሉት የነበሩትን ሰው፣ «አሥር አለቃ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉት ጎንበስ ብለው። «አፌ ቀደመኝ።»

አሥር አለቃ ደንግጦ ትከሻቸውን ይዞ አቀናቸው። «ኧረ እሜቴ! ጦር ሜዳ ከዚህ የባሰ ስድብ ጠግቤያለሁ። ኖራ ሻጭ የተባልኩት ግን ዛሬ ነው፤ ይህን ለልጆቼ አልነግርም።» ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። «አሁን ግን የተወቃቀስነው ይበቃል። አህያዬ ላይ አንድ ፓምፕ የሚሞላ ዱቄት ተርፎኛል። ነገ ማለዳ ወደ ጉንደ ወይን እንድንሻገር ታዘናል። ከዚያ መቼ እንደምንመለስ አላውቅም። የምረጨው አሁን ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው እንዲደርቅ። ዕቃው ሁሉ ይውጣ። ሰውም ሁሉ ይውጣ።»

«ሰውም ሁሉ?»

«ነፍስ ያለው ሁሉ። ደርቆና ተጠርጎ ነው የሚገባው።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ በሩ ሄዱ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንዱን መቃን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ያዙ።

«ዕቃውን አወጣለሁ። ጎታውንም ቢሆን በጥርሴ ጎትቼ አወጣዋለሁ። አራሷ ግን አትወጣም። ሕፃኗ አልተጠመቀችም።»

«እሜቴ፣ እዚሁ ጓሮ ማድቤቱ ውስጥ ብትቆይ...»

«ማድቤቱ ድረስ ሰማይ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ የሰው ዓይን አለ!»

«መጋረጃውን አጥብቀን እኛ ግማሹን ብንረጭስ?» አለ ውበቱ።

«አይሆንም» አለ አሥር አለቃ። «ሕፃን ባለበት ቤት ፓምፕ አልከፍትም። አለቆቼ ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

«ቄሱን ልጠይቅ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ። «የነፍስ አባቴን። ደብረ ወርቅ ለክብረ በዓል ሄደዋል፤ ነገ ይመለሳሉ።»

«ነገ እኛ የለንም።»

ውበቱ ጠጋ አላቸው። «እናቴ፣ በጣም የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?»

ይህን ዓይነት ጥያቄ ሰው ጠይቋቸው አያውቅም። ሁልጊዜ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ከመጋረጃው ለመደበቅ ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«ከእስከዳር በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ያኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ ባለቤቴ ገደሉ ሥር ነበር የሚያርስ፣ እዚያው ነበር የምንኖር። አማቴ ሞተው ለቅሶ ተጠራሁ። ክርስትናዋ ሳይደርስ አዝያት ወጣሁ። በሳምንቱ ሞተች። ፀሐይ መታት አሉኝ። ምች ነው አሉኝ። ዓይን ነው ያሉኝም አሉ። እኔ የማውቀው ወጣች፣ ሞተች፤ ይኸው ነው።»

«ወሩ ምን ነበር?» አለ ውበቱ።

«ጥቅምት።»

«ስትታመም ገላዋ እንዴት ነበር?»

«እንደ ምድጃ። ማታ ማታ ሰውነቷ ይግል ነበር። ሲነጋ ይበርዳት ነበር፤ ደግሞ ሲመሽ...» ወይዘሮ ሥራነሽ አቆሙ። መቃኑን የያዙት ጣቶቻቸው ነጡ። «ለምን ጠየቅከኝ?»

ውበቱ መነጽሩን አወለቀ።

«ለምን ጠየቅከኝ አልኩህ! ከመውጣቷ ነው ወይስ እዚያ ቆላ ከመተኛቷ? ንገረኝ!»

«አላውቅም እናቴ። አሁን ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የማውቀው የዛሬውን ቤት ነው።»

ከውጭ የአህያይቱ ጆሮ ሲርገበገብ ይሰማል። አሥር አለቃ ወደ ምዕራብ አንገቱን አስግጎ ፀሐይዋን አየ። ወይዘሮ ሥራነሽ እጆቻቸውን ከመቃኖቹ አላነሡም። በአንድ በኩል ያቺ በነጠላ ጠቅልለው የቀበሯት አለች፤ በሌላ በኩል ከአጥሩ በታች የአበረ ጎጆ ጭስ፣ ከጭሱ ወዲህ የምትበር ትንኝ። የትኛውን በር ቢዘጉ የትኛው ይከፈት ይሆን?

መጋረጃው ተገለጠ።

እስከዳር ጋቢዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ቆማለች። ከጋቢው ሥር፣ ከደረቷ ላይ፣ ትንሽ እብጠት ይተነፍሳል። ስለ ሞተችው እኅቷ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ሁሉን እንደሰማች ከዓይኗ ይታወቃል። ከአልጋ ብዙ ያልወረደ እግሯ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዋለለ። ውበቱ ሊደግፋት እጁን ሰነዘረና መልሶ ሰበሰበው።

ወደ በሩ መጣች። ከእናቷ ፊት፣ ከተዘረጉት እጆች ፊት ቆመች። አልለመነችም፣ አልተቆጣችም። እናቷን ብቻ አየቻቸው።

ወይዘሮ ሥራነሽ «ልጄ...» ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱ። ያልመለሱት ጥያቄ ሁሉ አፋቸው ላይ ተጨናንቆ መውጫ አጣ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ከመቃኑ ላላ፤ እንደ ደከመ ሰው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጎናቸው ወረደ።

እስከዳር ጋቢዋን በልጇ ፊት ላይ አጥብቃ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ መድረኩን ተሻገረች፤ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወደ ብርሃኑ ወጣች።